«ሲልቨር ስፕሪንግስ»፦ ስለ ስቲቪ ኒክስ የመለያየት ዘፈን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ የምንኖር ሰዎች ይህ ዘፈን በተነሣ ቁጥር የምንጠያየቀው ነገር ብዙም አይለያይም። ዘፈኑን ከወደድሁት ዓመታት ተቆጥረዋል። ለጓደኞቼና ለዘመዶቼ በየጊዜው ስመልስ የኖርሁትን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የትኛው ዘፈን ነው?

ፍሊትውድ ማክ የተባለው የእንግሊዛውያንና የአሜሪካውያን የሮክ ባንድ በ1976 የቀዳው ዘፈን ነው። ግጥሙም ዜማውም የስቲቪ ኒክስ ነው፤ የምትዘፍነውም እሷው ናት።

የተተወች ሴት ለተለያት ሰው ትናገራለች። በለሆሳስ ነው የምትጀምረው። አብረው ሊሆኑት ይችሉ የነበረውን ታነሣለች፤ ቀጥላ ስለ ሌላዋ ሴት ትጠይቀዋለች፤ በመጨረሻ ትረግመዋለች። ርግማኑ ሞትንም ድህነትንም አይጠራም። የምትወድህን ሴት ድምፅ የትም ሄደህ አታመልጠውም ነው የምትለው። ለዘፋኝ ሴት ከዚህ የበለጠ ርግማን ያለ አይመስለኝም፤ ድምፅዋ በየሬዲዮውና በየመኪናው እንደሚሰማ ታውቃለችና።

ስሙ በእርግጥ የመጣው ከእኛው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው?

አዎ። ኒክስ ራሷ ተናግራዋለች። ሜሪላንድ ውስጥ በመኪና ስታልፍ የከተማዋን ስም የያዘ የመንገድ ምልክት አየች፤ ስሙም ማረካት። ጫፉ ላይ አንድ «ስ» ጨምራ ለዘፈኗ ወሰደችው።

በዘፈኑ ውስጥ ግን ስለ ከተማዋ የሚናገር አንድም ስንኝ የለም። «የብር ምንጭ» የሚሆነው ሰውየው ነው፤ ሊሆንላት ይችል የነበረው፣ ያልሆነላት ሰው። ሰምና ወርቅ ለለመደ ጆሮ ይህ አያስቸግርም። ሰሙ የመንገድ ዳር ሰሌዳ ነው፤ ወርቁ ሳይጠጡት የቀረ ውኃ ነው።

ከተማዋ ራሷ ስሟን ያገኘችው ከእውነተኛ ምንጭ ነው። በ1840 ፍራንሲስ ፕሬስተን ብሌር የተባለ የጋዜጣ ሰው እዚያ አካባቢ ምንጭ አገኘ። በውኃው ውስጥ ሚካ የሚባለው ማዕድን ስብርባሪ እንደ ብር ያብለጨልጭ ነበርና «የብር ምንጭ» አለው። ስፍራው ዛሬ ኤኮርን ፓርክ የሚባል ትንሽ መናፈሻ ነው፤ በባሉጥ ፍሬ ቅርጽ የተሠራ አንድ ዳስ ቆሞበታል። እግራችሁ ከመራችሁ ግቡና እዩት፤ ብዙ ጊዜ የማይወስድ ጉብኝት ነው።

የእኔ ነገር ደግሞ ይህ ነው፦ የስሙን ታሪክ ያነበብሁት፣ ወደ ሥራ ስመላለስ ከተማዋን የሚጠቁሙ ሰሌዳዎችን ለዓመታት ካየሁ በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት ያው አረንጓዴ ሰሌዳ፣ ያው ነጭ ፊደል ነበረ፤ እኔ ግን እንደ አዲስ አነበብሁት። ዛሬ በዚያ መንገድ ከሚያልፉት መኪናዎች በስንቱ ውስጥ አማርኛ እንደሚነገር የአካባቢው ሰው ያውቀዋል። በጆርጂያ ጎዳናና በፌንተን መንገድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ፈልጎ ያጣ የለም፤ ከተማዋ ያለችበት የሞንትጎመሪ አስተዳደርም ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ከተማ ነው። እንግዲህ ኒክስ በድምፁ ብቻ የወደደችው ስም፣ ለእኛ የቤት አድራሻችን ሆኗል ማለት ነው።

የምትረግመው ሰው ማን ነው?

ሊንዚ በኪንግሃም፤ የባንዱ ጊታሪስት።

ሁለቱ የተዋወቁት በ1960ዎቹ አጋማሽ ካሊፎርኒያ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ ነው። አብረው በአንድ ባንድ ሠሩ፤ ኋላም ባልና ሚስት መሰል ኑሮ ጀመሩ። በ1973 በሁለቱ የቤተሰብ ስም የተሰየመ አልበም አወጡ፤ ገዢ አጣ። በዚያ ጊዜ እሷ በምግብ ቤት አስተናጋጅነት እየሠራች ቤቱን ትደጉማለች፤ እሱ ቤት ተቀምጦ ጊታሩን ይሠራል።

በ1974 መጨረሻ የፍሊትውድ ማክ ከበሮ መቺ ሚክ ፍሊትውድ ለባንዱ ጊታሪስት ፈልጎ በኪንግሃምን ጠራው። ጥሪው ለእሱ ብቻ ነበር። እሱ ግን እሷን ካልወሰዳችሁ እኔንም አታገኙኝም የሚል መልስ ሰጠ። ይህን የምጠቅሰው ሰውየውን ክፉ አድርገን ብቻ እንዳንሥለው ነው። ኒክስ ወደዚያ ባንድ የገባችው በእሱ ቃል ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የረገመችውም በዚያው ባንድ ውስጥ ቆማ፣ እሱ ጊታር እየመታላት ነው።

ግንኙነታቸው የፈረሰው በ1976፣ «ሩመርስ» የተባለው አልበም በሚቀዳበት ወቅት ነው። «ሩመርስ» ማለት አሉባልታ ማለት ነው፤ ስሙም ቤቱን ይገልጸዋል። በዚያው ሰሞን ቤዝ ጊታር የሚጫወተው ጆን ማክቪና ኪቦርድ የምትጫወተው ክሪስቲን ማክቪ ትዳራቸው ፈርሶ ነበር፤ የከበሮ መቺው የሚክ ፍሊትውድ ቤትም እየተናወጠ ነበር። አምስቱም በሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለችው በሶሳሊቶ፣ መስኮት በሌለው ሪከርድ ፕላንት ስቱዲዮ ውስጥ በየቀኑ ይገናኛሉ። የተለየ ሰው ቢያንስ መንገድ ይቀይራል፤ እነዚህ መቀየር አልቻሉም።

ክህደት አለበት ወይስ ተራ መለያየት ነው?

በዘፈኑ ውስጥ ሌላ ሴት አለች። ተራኪዋ ያቺ ሴት ቆንጆ መሆኗን ተናግረሃል ወይ፣ ትወድሃለችስ ወይ እያለች ትጠይቅና መልሱ ሳይመጣ ማወቅ አልፈልግም ብላ በሩን ትዘጋዋለች። ከመላው ዘፈን እኔን የሚነካኝ ይህ ቦታ ነው። የተከዳ ሰው እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ይጠይቃል፣ ጆሮውንም ይደፍናል።

ሌላም ክስ አለ፤ ይህኛው ከእሱ ወደ እሷ የተወረወረ ነው። በኪንግሃም በዚያው አልበም ላይ «ጎ ዩር ኦውን ዌይ» የሚል ዘፈን ጻፈ፤ በራስሽ መንገድ ሂጂ እንደማለት ነው። በውስጡ እሷን ከወንድ ወንድ መዞር እንጂ ሌላ የማትፈልግ ሴት የሚያስመስል ስንኝ አለ። ኒክስ ውሸት መሆኑን ተናግራ እንዲያወጣው ለመነችው፤ አላወጣውም። እሷም ያንን ስንኝ በየመድረኩ ከጎኑ ቆማ መቀበል ነበረባት።

ስለዚህ በዚህ ባንድ ውስጥ ተከሳሹ የከሳሹ ተቀባይ ነው። እሱ ሲከስስ እሷ ትቀበላለች፤ እሷ ስትከስስ እሱ ይቀበላል። ብዙ የመለያየት ዘፈን ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ የተቋጠረ ግን አላጋጠመኝም።

ይህን የመሰለ ዘፈን «ሩመርስ» ላይ ለምን የለም?

በሁለት ምክንያት፦ ርዝመቱና ፍጥነቱ።

የዚያን ጊዜ ሙዚቃ የሚሸጠው በሸክላ ነው። የሸክላ አንዱ ገጽ ድምፁ ሳይሳሳ የሚይዘው 22 ደቂቃ ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ጎድጓዳ መስመሮቹ እየተጠጋጉ ይመጣሉ፣ ድምፁም ይቀንሳል። «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ከተሳጠረ በኋላ እንኳ አራት ደቂቃ ተኩል ያህል ይሄዳል። በዚያ ላይ ቀስ ያለ ነው፤ አልበሙ ላይ ደግሞ ቀስ ያሉ ዘፈኖች በዝተዋል ተባለ።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን አሠራሩ ነው። ባንዱ ኒክስ ሳታውቅ የእሷን ሌላ አሮጌ ዘፈን አውጥቶ መሣሪያውን ቀዳ። ከዚያ ሚክ ፍሊትውድ ወደ ስቱዲዮው የመኪና ማቆሚያ ይዟት ወጣና ዘፈንሽ ወጥቷል አላት። እዚያው አስፋልት ላይ እንደጮኸች ተናግራለች። ምርጫዋ ተተኪውን መዝፈን ወይም በአልበሙ ላይ በሁለት ዘፈን ብቻ መቅረት ነበር። ገብታ ዘፈነችው።

የተተኪው ዘፈን ርዕስ ምን እንደሆነ ስነግራችሁ ሆን ብዬ የፈጠርሁት ይመስላችኋል፤ «ማወቅ አልፈልግም» ነው። በወጣው ዘፈን ውስጥ ስለ ሌላዋ ሴት ስትጠይቅ የተናገረችው ቃል ራሱ። ከሦስት ደቂቃ ብዙም አይበልጥም፤ ፈጠን ያለ፣ ጨፍሩ ጨፍሩ የሚል ነው። መጥፎ ዘፈን አይደለም። ነገር ግን አልበሙን በሰማሁ ቁጥር እዚያ ቦታ ላይ ስደርስ የጎደለው ይሰማኛል።

አልበሙ በየካቲት 1977 ወጣ፤ በአሜሪካ ሰንጠረዥ ላይ ለ31 ሳምንታት አንደኛ ሆነ፤ የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት አገኘ፤ በዓለም ዙሪያ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል ይባላል። «ሲልቨር ስፕሪንግስ» ከዚህ ሁሉ ድግስ ውጭ ነበረ።

ታዲያ ሃያ ዓመት ሙሉ የት ተቀመጠ?

በሸክላ ጀርባ። በታኅሣሥ 1976 ባንዱ ነጠላ ዜማ ሲያወጣ በፊት ለፊቱ ገጽ «ጎ ዩር ኦውን ዌይ»ን፣ በጀርባው «ሲልቨር ስፕሪንግስ»ን አደረገ። እስቲ ይህን አስቡት፤ በአንዲት ትንሽ ሸክላ ላይ ክሱ በአንድ ፊት፣ መልሱ በሌላው ፊት ተጣብቀው ወጡ። ሬዲዮ የሚያጫውተው ፊቱን ነው። ጀርባውን የሚሰማ ሸክላውን ገዝቶ የሚገለብጥ ሰው ብቻ ነው፤ በዚህ ምክንያት ዘፈኑ የጥቂት ወዳጆች ምስጢር ሆኖ ቆየ።

ኒክስ የዚህን ዘፈን የደራሲነት ገቢ ለእናቷ በስጦታ ሰጥታ ነበር። ዘፈኑ ከአልበሙ ሲወጣ ከ«ሩመርስ» ሊያገኙ የነበረው ገንዘብ ቀረባቸው። በመኪና ማቆሚያው ላይ የተሰማው ጩኸት ለራሷ ብቻ አልነበረም ብዬ የማስበው ለዚህ ነው።

በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኒክስ የራሷን የምርጥ ሥራዎች ስብስብ ስታዘጋጅ ዘፈኑን ልታስገባው ጠየቀች። ሚክ ፍሊትውድ ለባንዱ ስብስብ እፈልገዋለሁ ብሎ ከለከላት። እሷም ባንዱን ጥላ ወጣች። ሰው በዘፈን ተጣልቶ ቤት ይለቃል ወይ የሚለኝ አለ። የገዛ ልጇን ሁለት ጊዜ የከለከሏት ሴት ብትወጣ ምን ይገርማል?

በ1997 ምን ተደረገ?

አምስቱ ሰዎች ታርቀው ተሰባሰቡ። በግንቦት ወር 1997 በካሊፎርኒያ፣ በበርባንክ ከተማ በዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ፣ በተመልካች ፊት ተጫወቱ፤ ካሜራ ቀረጸው። «ዘ ዳንስ» የተባለው አልበም ከዚያ ምሽት የወጣ ነው፤ በነሐሴ ታትሞ በአሜሪካ ሰንጠረዥ በቀጥታ አንደኛ ገባ። «ሲልቨር ስፕሪንግስ»ን ዓለም ያወቀው ያኔ ነው።

ቪዲዮውን አይታችሁት ካላወቃችሁ ልንገራችሁ። ኒክስ ጥቁር ለብሳ ማይክራፎኑ ፊት ቆማለች። አርባ ዘጠኝ ዓመት ሊሆናት ቀናት ቀርተዋታል፤ ድምፅዋ ከ1976ቱ ጠልቋል፣ ጠርዙም ሻክሯል። የመጀመሪያዎቹን ስንኞች ለሕዝቡ ትዘፍናለች፤ እርጋታዋ ጨዋ እመቤት ያስመስላታል። ከበሮው ቀስ በቀስ ይነሣል። ዘፈኑ ወደ ማብቂያው ሲደርስ ፊቷን ከሕዝቡ ትመልስና ወደ ግራ ወደ ቀኝ ሳትል በኪንግሃም ላይ ትተክላለች። ርግማኑ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ደግማ ደጋግማ ትለዋለች፤ እየቆየች መዘፈኑን ትታ ወደ መጮህ ትሄዳለች። እሱም ዐይኑን አይሰብርም። እያያት ጊታሩን ይመታል፤ ያንኑ ቃል አብሯት ይቀበላል።

በቃሉ ውስጥ የተነገረው ትንቢት በዐይናችሁ ፊት ሲፈጸም ታያላችሁ። ድምፄን አታመልጥም ብላው ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ከድምፅዋ ሁለት ሜትር በማይሞላ ርቀት ቆሞ እያጀበ ነው።

ይህ የተለማመዱት ትርኢት ነው የሚሉ አሉ። ኒክስ ስትናገር ግን በስድስት ሳምንት ልምምድ ውስጥ አንድም ቀን እንደዚያ ሆኖ እንደማያውቅ፣ በዚያች ምሽት ብቻ እንደፈነዳ ገልጻለች። እኔ አምናታለሁ። በሚቀጥለው ዓመት ቅጂው ለግራሚ ታጨ።

ሮክ ነው ይህ? ለእኔ የፍቅር ዘፈን ብቻ ይመስለኛል።

መጨረሻውን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙትና መልሳችሁ ጠይቁኝ።

ከእኛ ትዝታ ጋር ይመሳሰላል?

ኀዘኑ ይመሳሰላል፤ አቅጣጫው ግን የተለየ ነው። በትዝታ ዘፈን ትዝታ ራሱ ይመጣል፤ ሌሊት ይመጣል፣ ሳይጠሩት ይመጣል፣ የሚሠቃየው ዘፋኙ ነው። እዚህ ግን ዘፋኟ ትዝታን እንደ መልእክተኛ ትልከዋለች። ሂድና አጠገቡ ተቀመጥ፣ አታስተኛው ትለዋለች። በአገራችን ዜማ ወዳጁን የሚረግም አይጠፋም፤ ብዙ ጊዜ ግን ወዲያው ይራራል፣ «ይቅር፣ አይንካህ» ይላል። ኒክስ አትራራም። ይህ ጥንካሬዋ ነው ወይስ ጉድለቷ በሚለው ከባለቤቴ ጋር ስንት ጊዜ ተከራክረናል፤ ባለቤቴ ጉድለት ነው ባይ ናት። እኔ ደግሞ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ሳይራራ ሲናገር መስማት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ እላለሁ።

አሁን ታርቀዋል?

ከ1997 በኋላ አብረው ዞረዋል፣ አብረው ሠርተዋል። በ2018 በኪንግሃም ከባንዱ ተሰናበተ። ክሪስቲን ማክቪ በኅዳር 2022 ዐረፈች። በ2025 ደግሞ ያ ገዢ ያጣው የ1973 አልበማቸው እንደገና ታትሞ ወጣ። በሁለቱ ልብ ውስጥ ያለውን የሚያውቁት ሁለቱ ናቸው።

ግጥሙ ወደ አማርኛ ሊመለስ ይችላል?

ሞክሬዋለሁ። መጀመሪያ የሚያጋጥማችሁ ቀላል የሚመስል ነገር ነው። በእንግሊዝኛው ተጠሪው ወንድ ይሁን ሴት ቃሉ አያሳውቅም፤ ማንም ለማንም ሊዘፍነው ይችላል። በአማርኛ «አንተ» ስትሉት ሰውየው ገና ከመጀመሪያው ቃል መድረክ ላይ ወጥቶ ይቆማል። መሸሸጊያ የለውም። ለዚህ ዘፈን ይህ ኪሳራ አይመስለኝም።

ከባዱ የርግማኑ ግስ ነው። በእንግሊዝኛው ድምፅዋ እንደ ሙት መንፈስ ሰውየውን እንደሚያሳድደው የሚገልጽ ቃል አለ። «ይከተልሃል» ብዬ ጻፍሁ፤ ላላብኝ፤ ውሻም ይከተላል። «ያሳድድሃል» አልሁ፤ ይህ ደግሞ ፖሊስ ፖሊስ ሸተተኝ። «እንቅልፍ ይነሣሃል» ውብ ነው፤ ግን ሌሊቱን ብቻ ነው የሚይዘው፣ ቀኑን ይለቅለታል። ለሳምንታት ወረቀቱን በኪሴ ይዤው ስዞር ቆይቼ አንድ ቀን አክስቴ በስልክ ስለ አንድ የታመመ ጎረቤት ሲያወሩ «ተጠናውቶታል» አሉ። እሱ ነበር። ዛር የሚጠናወተው፣ ጋኔን የሚጠናወተው፤ ከያዘ የማይለቅ፣ ቀንም ሌሊትም የማይል፣ ከውጭ መጥቶ ውስጥ የሚገባ። «ድምፄ ይጠናወትሃል»። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልቀየርሁም።

ገና ያልሰማሁት ነኝ፤ ከየትኛው ቅጂ ልጀምር?

ከ1976ቱ። ከ2004 ጀምሮ በታደሱት የ«ሩመርስ» እትሞች ውስጥ ስለተጨመረ ሸክላ መፈለግ አያስፈልጋችሁም። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፤ የበኪንግሃም ጊታር በቃሎቹ መካከል ከሩቅ እንደሚመጣ ጭላንጭል ብቅ ጥልቅ ይላል። ሴትየዋ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ናት፤ የምታዝነው ትናንት በሆነባት ነው።

የ1997ቱን በዚያው ቀን አትስሙት። አንድ ቀን አሳድሩትና በቪዲዮ እዩት። ሁሉም ሰው እሷን ነው የሚያየው፤ እኔም ለብዙ ጊዜ እንደዚያው ነበርሁ። በሁለተኛው ዙር ግን ዐይናችሁን ከፊቷ አንሡና የእሱን እጆች ተመልከቱ። ስትጮህበት፣ ስትጠቁምበት፣ ስሙን ሳትጠራ ስትረግመው እጆቹ ከጊታሩ ላይ አይነሡም፤ አንድም ኖታ አይስትም።